ዕብራይስጥና ግሪክ የሥጋ ዘመድ ናቸው ወይስ የገበያ ደንበኛ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው የማታ የነገረ መለኮት ተማሪ ነው። የአዲስ ኪዳንን ግሪክ ጀምሯል፣ ዕብራይስጥም ይሞካክራል። «ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ የሚመሳሰል ቃል እየበዛብኝ መጣ» ይላል። «ወይን በዕብራይስጥ ያይን ነው፣ በግሪክ ኦይኖስ። ድምፅ በዕብራይስጥ ቆል፣ መጥራት በግሪክ ካሌኦ። ጉባኤ በዕብራይስጥ ቃሃል፣ በግሪክ ኤክሌሲያ። አንድ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ግሪክ ከዕብራይስጥ ተወለደ፣ ዕብራይስጥ ራሱ ከግዕዝ ተወለደ ሲባል ሰማሁ። እውነት ሥራቸው አንድ ነው?»

ወንድሜ፣ ቪዲዮውን ተወው። ጥያቄህን ግን እኔም አልተወውም። ከሦስቱ ምሳሌዎችህ አንዱ ወርቅ ነው፣ ሁለቱ ብዙ ሰው የገባባቸው ጉድጓዶች ናቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ቀስ እያልን እንየው።

መጀመሪያ ዝምድናቸውን ልንገርህ። ዕብራይስጥ ሴማዊ ነው። ግዕዝ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዐረብኛ፣ አራማይክ ሁሉ የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። ግሪክ ሌላ ቤት ነው። ከላቲን፣ ከፋርስኛ፣ ከሳንስክሪት፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ህንድ-አውሮፓዊ ከሚባለው ቤተሰብ ይመደባል። በሥጋ አይገናኙም። ግን ጎረቤት ናቸው። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ በአንድ ባሕር ዳርና ዳር ሆነው ሲገበያዩ ኖረዋል። ነጋዴ ደግሞ ዕቃ ይዞ ሲመጣ የዕቃውን ስም አብሮ ነው የሚያራግፈው።

«ታዲያ የሥጋ ዝምድና በምን ይታወቃል?» ካልከኝ፣ ከራሳችን ቤት ልጀምርልህ። ዕብራይስጡ ሻሎም ይላል፣ እኛ ሰላም። ሼም፣ ስም። ሻማይም፣ ሰማይ። ላሾን፣ ልሳን። ሮሽ፣ ርእስ። አየህ? እዚያ «ሽ» ያለበት ቦታ እዚህ «ስ» ነው፣ እሱም ደጋግሞ፣ እንደ ሰዓት። ግሪክም ከራሱ ዘመዶች ጋር እንዲሁ ነው። ሰባት በላቲን ሴፕቴም፣ በግሪክ ሄፕታ። ስድስት በላቲን ሴክስ፣ በግሪክ ሄክስ። ጨው በላቲን ሳል፣ በግሪክ ሃልስ። ላቲን «ስ» ሲል ግሪኩ «ህ» ይላል። ዘመዳሞች የሚታወቁት እንዲህ ባለ ሕግ ነው። መመሳሰል ብቻውን ምንም አይመሰክርም፤ እንዲያውም እውነተኛ ዘመዶች ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። በዕብራይስጥና በግሪክ መካከል ይህን ዓይነት ሕግ ልፈልግ ብትል ሁለት ሦስት ቃል ላይ ይሠራልሃል፣ አራተኛው ላይ ይከዳሃል።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያመጡብኝ ምሳሌ አለ። «መምህር፣ ዐይን የሚለው ቃላችንና የእንግሊዝኛው አይ አንድ አይደሉም?» አይደሉም። እንግሊዝኛው ድሮ «ኤያገ» የሚመስል ቃል ነበር፤ የጀርመኑ እህቱ ዛሬም አውገ ነው። ወደ ኋላ በሄድክ ቁጥር «ገ»ው እየጎላ ይመጣል። የኛው ወደ ኋላ ሲሄድ «ነ»ውንም የጉሮሮውን «ዐ»ም ይዞ ይሄዳል። ዛሬ መንገድ ላይ ተገናኙ እንጂ አንድ ቤት አልተወለዱም። ስለዚህ አንድ ቃል ሲመስልህ ጎትተህ ወደ ልጅነቱ መልሰው። ያኔ መመሳሰሉ ከጨመረ ጥሩ ምልክት ነው፣ ከጠፋ ግን ጨዋታው አልቋል።

በዚህ ሚዛን «ቆል»ንና «ካሌኦ»ን እንያቸው። ቆል ከኛ «ቃል» ጋር አንድ ነው፣ እሱ ላይ ጥርጥር የለም። ካሌኦ ግን በገዛ ቤቱ ዘመድ አለው፣ ላቲኑ ካላሬ ይላል፣ ማወጅ፣ ጮሆ መጥራት። የወሩ መጀመሪያ በሮም ካሌንዳይ የሚባለው ከዚሁ ነው፣ ካላንደር የምንለውም ከዚያ የወጣ ነው። እናትና አባቱ ያሉ ልጅ ለጎረቤት በማደጎ አይሰጥም። ኤክሌሲያም የባሰ ግልጽ ነው። «ኤክ» ወደ ውጭ ማለት ነው፣ ከዚያ ካሌኦ። «ተጠርተው የወጡ» ማለት ነው፣ የአቴና ከተማ ሕዝብ ሸንጎ ሲጠራ የሚባልበት ስም። ቃሃልን የሚያስመስለው ሌላ ነገር ነው። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ ሲተረጎም፣ ሥራው በ3ኛው ምዕተ ዓመት ቅ.ል.ክ. እስክንድርያ ውስጥ ነው የተጀመረው፣ ተርጓሚዎቹ ቃሃልን ብዙ ቦታ ኤክሌሲያ ብለው መለሱት። ድምፁም ትንሽ ስለሚቀራረብ ሰባኪ ሁሉ ወደደው። ትርጉምና ሥር ግን ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ፣ እዚያ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ከሙን። ዕብራይስጡ ካሞን ነው፣ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28 ላይ ገበሬው ዘርቶ በበትር የሚወቃው። ግሪኩ ኩሚኖን ነው፣ ማቴዎስ 23፥23 ላይ ፈሪሳውያን «ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙንም» አሥራት የሚያወጡበት። የባቢሎኑ አካድኛ ካሙኑ ይላል። የመርካቶ ባለ ሱቅ ደግሞ ከሙን ይልሃል። አራቱም አንድ ቃል ነው። ግሪኩ ተዋሰ፣ ከሴሞች። እንዴት እናውቃለን? ግሪኩ ቤት ውስጥ ኩሚኖን ብቻውን ነው የተቀመጠው። እህት የለው፣ ወንድም የለው፣ ከየትኛውም የግሪክ ግሥ አይወጣም።

ዕድሜውንም እናውቃለን። ግሪኮች ፊደል ከመማራቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት፣ በሸክላ ጽላት ላይ እየጫሩ የሚጽፉት ሌላ ጽሕፈት ነበራቸው፣ ሊኒየር ቢ የሚባለው። ማይክል ቬንትሪስ የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት፣ አዎ አርክቴክት እንጂ ፕሮፌሰር አይደለም፣ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ፈታው። ሲነበብ የተገኘው ግጥም አይደለም፣ የግምጃ ቤት መዝገብ ነው። ስንት በግ፣ ስንት ጋሪ፣ ስንት ቅመም። ጽላቶቹ ለማቆየት ታስበው አልተጠበሱም፤ ወደ 1200 ቅ.ል.ክ. ገደማ ቤተ መንግሥቶቹ ሲቃጠሉ እሳቱ ጠበሳቸውና ለኛ ደረሱ። እዚያ ላይ ኩ-ሚ-ኖ አለ፣ ከሙን። ሳ-ሳ-ማ አለ፣ ሰሊጥ፣ ይህም ሴማዊ ነው። ኩ-ሩ-ሶ አለ፣ ወርቅ፣ ኋላ ኽሩሶስ የተባለው፣ በዕብራይስጥ ቅኔ ሐሩጽ፣ በአካድኛ ሑራጹ። ኪ-ቶ አለ፣ ኋላ ኺቶን የተባለው ቀሚስ። የዮሴፍ ቀሚስ በዕብራይስጥ ኩቶኔት ነው፣ ያው ቃል።

በነገራችን ላይ ዮሐንስ አፈወርቅን ግሪኮች ክሪሶስቶሞስ ይሉታል። ስቶማ አፍ ነው፣ የራሳቸው። ወርቁ ግን ከሴማዊ ጎረቤት የመጣ ነው። ይህን በነገርኩ ቁጥር ሰው ይስቃል።

ዕቃው በምን ይጓዝ ነበር ካልክ፣ መርከቡ ተገኝቷል። በ1982 (እ.ኤ.አ.) አንድ ስፖንጅ ጠላቂ በደቡብ ቱርክ ባሕር ዳርቻ፣ ኡሉቡሩን ከሚባል ቦታ አጠገብ፣ ባሕር ወለል ላይ እንግዳ ብረት አየ። የ14ኛው ምዕተ ዓመት ቅ.ል.ክ. መርከብ ሆኖ ተገኘ። ጭነቱ ወደ 10 ቶን መዳብ፣ ወደ 1 ቶን ቆርቆሮ፣ በከነዓን ማሰሮዎች የታሸገ ሙጫ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ከአፍሪካ የመጣ ጥቁር እንጨት። አንድ መርከብ ነው ይህ ሁሉ። እንዲህ ያለ መርከብ በየዓመቱ ሲመላለስ ቃል ባይሻገር ነበር የሚገርመው።

ከተሻገሩት ሁሉ እኔ የምወደው ግን የጠበቃና የነጋዴ ቃል ነው። ዘፍጥረት 38 ላይ ይሁዳ ለትዕማር የፍየል ጠቦት እልክልሻለሁ ሲላት፣ «እስክትልክ መያዣ ስጠኝ» ትለዋለች። ማኅተሙን፣ አምባሩንና በትሩን ይሰጣታል። ያ መያዣ በዕብራይስጥ ዔራቦን ነው። ዕብራይስጥ ውስጥ ይህ ቃል ቤተሰቡ ሙሉ ነው፤ ዋስ መሆን፣ ዋስ፣ ዋስትና ሁሉ ከዚሁ ሥር ይወጣሉ። ፊንቄያውያን ነጋዴዎች፣ ለዕብራይስጥ በጣም የቀረበ ቋንቋ የሚናገሩት የጢሮስና የሲዶና ሰዎች፣ ለግሪክ ደንበኞቻቸው ሰጡት፣ በግሪክ አራቦን ሆነ፣ ቀብድ ማለት። ጳውሎስ 2ኛ ቆሮንቶስ 1፥22 ላይ መንፈስ ቅዱስን የተሰጠን አራቦን ነው ይላል። የሱቅ ቃል ነው እንግዲህ፣ ቀሪው ይከፈላል የሚል ተስፋ ያለበት። ዛሬ አቴና ሄደህ አራቦናስ ብትል ቀለበት ማሰር፣ መታጨት ማለት ነው። አሁን የመኪናህን የመድን ውል አውጣና ተመልከት። በየዓመቱ የምትከፍለው ምን ይባላል? አረቦን። በግዕዙ መጽሐፍ ውስጥ የነበረው ዐረቦን ነው፣ ክራባት አስሮ ቢሮ የገባ። እኔ አንድ ጊዜ ክፍያ ላይ ተከራክሬ ስበሳጭ ቆይቼ፣ ደረሰኙ ላይ ያለችውን ቃል ሳያት ነው የበረድኩት። ይሁዳም በትሩን አስይዞ ነበር።

ወደ ወይኑ ልመለስ፣ ወርቅ ያልኩህ ምሳሌ እሱ ነው።

ያይንና ኦይኖስ ዛሬ ሲታዩ ያን ያህል አይመሳሰሉም። ወደ ልጅነታቸው መልሳቸው። ግሪኩ ድሮ «ወ» የሚል ድምፅ ነበረው፤ ሊኒየር ቢ ላይ ወይን ወ-ኖ ተብሎ ነው የተጻፈው። ኋላ አብዛኛው ግሪክ «ወ»ን ጣላት። ሆሜር ግጥም ላይ ፊደሏ ባትጻፍም፣ የስንኙ ምት ብዙ ቦታ ላይ መቀመጫዋን ይዞላታል፣ ለቀረ ሰው ወንበር እንደሚያዝ። ስለዚህ ኦይኖስ የጥንቱ ዎይኖስ ነው። ዕብራይስጡስ? ዕብራይስጥ ቃል መጀመሪያ ላይ የነበረችውን «ወ» ወደ «የ» ለውጧታል። እኛ ወለደ ስንል እሱ ያላድ ይላል። ወረደ፣ ያራድ። ወረሰ፣ ያራሽ። ወርኅ፣ ያሬኣሕ፣ ጨረቃ። ስለዚህ ያይን ጥንት በ«ወ» የሚጀምር ነበር። ምን ነበር ብለህ ከጠየቅኸኝ መልሱን አፍህ ውስጥ ይዘኸዋል። ወይን። ግሪኩ የጣላትን፣ ዕብራይስጡ የለወጣትን «ወ» ግዕዝ ይዟት ቆየ፣ አማርኛም ወረሳት።

መቼም እዚህ ጋ ስደርስ አንድ ሰው ተነስቶ «ይኸው ግዕዝ እናት ነው!» ይለኛል። አይደለም። የአያቷን ቀሚስ በሣጥን ጠብቃ ያቆየች እህት፣ እህት ናት። ዕብራይስጥም በበኩሉ ግዕዝ ያጠፋቸውን ሌሎች ነገሮች ጠብቋል።

ወይን የሚለውን ቃል ማን ከማን ወሰደ የሚለው ላይ ሊቃውንት ተከፋፍለዋል። ላቲኑ ቪኑም፣ የኬጢያውያኑ ዊያና፣ የአርመኑ ጊኒ፣ የጆርጂያው ግቪኖ ሁሉ እዚሁ ማኅበር ውስጥ ናቸው። ጆርጂያ ውስጥ በተገኙ 8000 ዓመት ገደማ በሆናቸው የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወይን ጠጅ ርዝራዥ ስለተገኘ፣ እኔ ቃሉም ከዚያው ከካውካሰስ አካባቢ ወደ ሁሉም ወረደ ከሚሉት ወገን እጠጋለሁ። ከሆነ ዕብራይስጥና ግሪክ ይህን ቃል አልተቀባበሉም፤ ሁለቱም ከአንድ ጠጅ ቤት ጠጡ።

የ«ወ» ነገር ደግሞ በሌላ በኩልም ይመጣል። ዘፍጥረት 10፥2 ላይ ከያፌት ልጆች አንዱ ያዋን ነው። ሕዝቅኤል 27 ላይም ያዋን ከጢሮስ ጋር ይነግዳል። ግሪኮች ናቸው። ከነሱ መካከል የሴም ጎረቤቶች በቅርብ ያወቋቸው ራሳቸውን ያዎኔስ ይሉ ነበር። ግሪኩ «ወ»ን ሲጥል ስማቸው ኢዮኔስ ሆነ። ዕብራይስጡ ግን ቀድሞ ሰምቶት ስለነበር በ«ወ»ው ያዘው። የራሱን «ወ» ከቃል ራስ ያባረረ ቋንቋ የጎረቤቱን «ወ» በቃል መሐል ሲጠብቅ ስታይ አያስቅም?

እስካሁን ሁሉም ነገር ከሴም ወደ ግሪክ ሲሄድ ነው ያየኸው። ከታላቁ እስክንድር በኋላ ነፋሱ ዞረ። ግሪክ የመንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፣ ዕብራይስጥም በተራው ይለቅም ጀመር። ሳንሄድሪን፣ ያ የአይሁድ ሸንጎ፣ ግሪክ ነው፤ ሱን አብሮ፣ ሄድራ መቀመጫ። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ፍርድ ቤት የገባ ሐበሻ የሚያውቃቸው ሳኔጎርና ካቴጎር፣ የተከሳሽ ጠበቃና ከሳሽ፣ ሁለቱም ግሪክ ናቸው። ባልና ሚስትን ጥንድ ብሎ ለመጥራት ዕብራይስጡ ዙግ ይላል፣ ከግሪኩ ዜውጎስ፣ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች። ይህችን ቃል እኛም አለችን። በግዕዝ ዘውግ ጥንድ፣ አቻ ነው። በዛሬ አማርኛ የሥነ ጽሑፍ ዘውግ እንላለን፣ ፖለቲካው ውስጥ ደግሞ ስለ ዘውግ ስንት ሰው ተጣላ። በሬ ማጣመጃ ነበረች እኮ!

ሄዶ የተመለሰም አለ። ዘጸአት 24፥10 ላይ ከእግዚአብሔር እግር በታች እንደ ሰንፔር ድንጋይ ያለ ወለል አለ። ዕብራይስጡ ሳፒር ነው። ግሪኩ ሳፕፌይሮስ ብሎ ወሰደው፣ ከግሪኩ በመጽሐፍ በኩል ወደኛ ሲደርስ ሰንፔር ሆነ። የጠበቀችው «ፒ» ላልታ በፊቷ «ን» ገባች፣ ልክ ሻባት የሚለው ሰንበት እንደሆነው። ፋሲካንም እይ። ዕብራይስጡ ፔሳሕ ነው፣ በ«ሕ»። ቀጥታ ከዕብራይስጥ ቢመጣ ግዕዝ «ሐ» ሞልቶታል፣ ምን ከልክሎት «ካ» ይላል? ግሪኩ ፓስኻ ስለሚል ነው። ቃል የመጣበትን መንገድ አቧራውን ጫማው ላይ ይዞ ነው የሚገባው።

ስለ ፊደል ካልነገርኩህ ደግሞ ይቆጨኛል። አልፋ ግሪክ ውስጥ ከፊደል ስምነት ሌላ ትርጉም የለውም፣ ቤታም የለውም። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ራሱ ፊደሎቹን «ፊንቄያዊ» ይላቸዋል። ለሴማዊ ጆሮ ግን ቤት ቤት ነው፣ አልፍም በሬ። ፊንቄው ዐይን የሚላት ፊደል ነበረችው፣ ክብ፣ ዐይን ተስላ ነው የጀመረችው። ግሪክ የጉሮሮ ድምፅ ስለሌለው ለዚያች ፊደል ሥራ አጣላትና አናባቢ አደረጋት፤ ዛሬ «ኦ» ተብላ የምትነበበው ክብ ፊደል እሷ ናት። አሁን የኛን ዐይኑ «ዐ» ጻፋት። ክብ ናት። በየመን በኩል ዞራ የመጣች ያችው ዐይን።

ጥልቅ ወዳለው ነገር ብዙም አልገባም። በሬ በግሪክ ታውሮስ፣ በዕብራይስጥ ሾር፣ በግዕዝ ሦር ነው፤ ይህ ከጽሕፈት በፊት ከከብቱ ጋር የተጓዘ ቃል ይመስለኛል። ቀንድ በግሪክ ኬራስ፣ በዕብራይስጥ ቄሬን፣ በግዕዝ ቀርን፤ እዚህ ላይ ግን እጄን አልሰጥም፣ ግሪኩ ከላቲኑ ኮርኑና ከእንግሊዝኛው ሆርን ጋር ሥጋው አንድ ስለሆነ የጎረቤት አበዳሪ አያስፈልገውም። ሄፕታንና ሰባትን የሚያገናኙ ሰዎችም አሉ። እኔ አንድ ቁጥር ብቻ ሲመሳሰል አልደነግጥም፤ ሁለትና ሦስት ሲጨመሩ ጥሩኝ።

አንተ ዝርዝርህን ቀጥል፣ አትቅደደው። እያንዳንዱ ቃል ላይ በየትኛው ቤት ወንድምና እህት እንዳለው ጠይቅ፣ ከዚያ በየትኛው መርከብ ሊጫን እንደሚችል አስብ። ለመለማመጃ ሣቅ የሚለውን የዕብራይስጥ ቃልና ግሪኩን ሳኮስ ውሰድ፤ ግሪኩ በላቲን በኩል እንግሊዝኛ ድረስ ሄዶ ጆንያ ሆኗል። ትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 3ን በግዕዝ ክፈትና የነነዌ ሰዎች ምን እንደለበሱ አንብብ። ያገኘኸውን ጻፍልኝ።